ኤልኪን ይቅር ያላት ጥፋት

ፑዌርቶ ሴሬኖ ገበያ ውስጥ ቦካቺኮ የሚባለውን የወንዝ ዓሣ እንደ ኔሪስ አድርጎ የሚበልት ሰው የለም ይባል ነበር። ዓሣው ሥጋው ይጣፍጣል፣ እሾሁ ግን ሰው አያስቀምጥም፤ እሷ ሁለት ጎኑን በስል ቢላ ጥቅጥቅ አድርጋ ስትሸነትረው እሾሁ ዘይት ውስጥ ይሰባበርና ሕፃን እንኳ ሳይሰጋ ይበላዋል። ጎህ ሲቀድ ከወንዙ ዳር ትረከባለች፣ ረፋዱ ላይ ሸጣ ጨርሳ ትገባለች። ቤቷ ስትደርስ እጇን በሎሚ ፈትጋ ሳትታጠብ ልጇን አታቅፍም። ሊሴት «እማ፣ ዓሣ ዓሣ ትሸቻለሽ» እያለች ፊቷን ታዞርባታለችና።

ሊሴት አራት ዓመቷ ነበር። ከእሷ በፊት ኔሪስን ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ ስለዚህ ይህችኛዋ በጤና ስትወለድ ባሏ ኤልኪን መንገዱን ሙሉ ጎረቤት ሰብስቦ ጨፍሯል። ኤልኪን የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው። ሳቂታ፣ አንደበቱ የለሰለሰ፣ ሰው የሚወደው። የተጣሉ ሰዎች መሃል ገብቶ አንድ ቀልድ ጣል ካደረገ ጠቡ ይበርዳል። ከባድ ነገር ሲመጣ ግን ዓይኑን ወደ ሌላ ያሸሻል። ኔሪስ ይህን ጠባዩን እንደ ገርነት ነበር የምትቆጥርለት።

ከቤታቸው ጋር አጥር ብቻ የሚለያት ዳማሪስ፣ ሞራን በኮስቲክ ሶዳ እያፈላች የልብስ ሳሙና ትሠራለች። ከኔሪስ ጋር አንድ መንገድ ላይ አፈር ፈጭተው ያደጉ ናቸው። ሊሴትን ክርስትና ያነሳችው እሷ ስለሆነች ከዚያ ወዲህ ስም መጠራራት ቀርቶ «አበልጄ፣ አበልጄ» ተባብለዋል። ከመንገዱ ጫፍ ደግሞ የኤልኪን እናት ኒኛ ኤውፌሚያ ትኖራለች። ኒኛ የሚሏት ለክብሯ ነው፤ ግማሹ ክብር ግን ምላሷን ከመፍራት የመጣ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልቧን ያማት ስለነበር ኤልኪን እናቱን እንደ እንቁላል ነበር የሚይዛት።

ያን ቅዳሜ ኔሪስ ገና ግማሽ ቅርጫት ዓሣ ሲቀራት ስልኳ ጮኸ። ዳማሪስ ነበረች። «አበልጄ፣ ነይ። ሊሴት የማይጠጣ ነገር ጠጥታለች» አለችና ድምጿ ተቆረጠ። ኔሪስ ሽርጧን ሳታወልቅ፣ ዓሣውን ለማንም አደራ ሳትል ሮጠች።

ስትደርስ ኤልኪን ልጅቱን አቅፎ በር ላይ ቆሟል። የሊሴት ከንፈር አብጦ ነጭ ሆኗል፣ ምራቋ ሳያቋርጥ በደረቷ ላይ ይወርዳል። አታለቅስም። ከጉሮሮዋ የሚወጣው ድምፅ ለቅሶ አይደለም፣ እንደ ታፈነ ፉጨት ያለ ነገር ነው። ዳማሪስ ከጎኑ ፊቷ አመድ መስሎ ቆማለች። ኒኛ ኤውፌሚያ ከኋላ ደረቷን ይዛ አንድ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

የከተማዋ ጤና ጣቢያ ሐኪም የሊሴትን አፍ አይቶ፣ እንዳያስመልሷት፣ የወረደው ነገር ተመልሶ ሲወጣ ዳግም እንደሚያቃጥላት ነግሮ ፈጥነው ትልቁ ሆስፒታል ወዳለበት ወደ ባራንኪያ ከተማ እንዲወስዷት አዘዘ። በሞተር ጀልባ ወንዙን ተሻገሩ፤ ማዶ ላይ አምቡላንስ ተቀበላቸው። መኪናው ውስጥ ነው ኔሪስ ልጇ ምን እንደጠጣች የጠየቀችው።

«ያን ኮስቲክ ሶዳ» አላት ኤልኪን፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ። «ለመታጠቢያው ቱቦ ከዳማሪስ ያመጣሽውን።»

ኔሪስ ገባት። የመታጠቢያው ፍሳሽ ተዘግቶባት ሐሙስ ዕለት ከአበልጇ ላይ ጥቂት የሶዳ ብጥብጥ በለስላሳ ጠርሙስ ተቀብላ ነበር። ከፊሉን አፍስሳ የተረፈውን ክዳኑን አጥብቃ፣ ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለው ከፍተኛ መደርደሪያ ላይ አኑራዋለች። ይህንኑ ነገረችው።

«መሬት ላይ ነበር ኔሪስ። ከማጠቢያው ሥር።»

«ላይ ነው ያስቀመጥኩት። በርጩማ ላይ ወጥቼ።»

«መሬት ላይ ነው ያገኘሁት» አለ። እጇንም ያዛት።

መንገዱ ረጅም ነበር። ኔሪስ በርጩማው ላይ የወጣችበትን ሐሙስ በልቧ ደጋግማ አየችው። መጀመሪያ በርግጥ አየችው። ደጋግማ ስታየው ግን እየደበዘዘ፣ የሌላ ቀን ትዝታ እየመሰላት ሄደ። ባራንኪያ ሲደርሱ ወጥታ ይሁን ሳትወጣ መለየት አቅቷታል።

በሆስፒታሉ ሐኪሞቹ ልጅቱን አስተኝተው በመሣሪያ ጉሮሮዋን አዩ። አፏ እንደሚድን፣ የምግብ ቧንቧዋ ግን ክፉኛ እንደተቃጠለ፣ ሲድንም እየጠበበ እንደሚሄድ ነገሯቸው። እስከዚያ ሆዷ ላይ ቀዳዳ ተበጅቶ በቀጭን ቱቦ ትመገባለች። ጠባሳው ሲጠና ደግሞ እየመላለሱ ቧንቧውን ያሰፉላታል። ስንት ጊዜ ብላ ኔሪስ ጠየቀች። ሐኪሟ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ለአንዳንዱ ልጅ ወራት፣ ለአንዳንዱ ዓመታት ነው አለቻት።

ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቀን ላይ የሕፃናትን ደህንነት የምትከታተል ሴት መጣች። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ትጠይቃለች፣ ሥራዋ ነው። መርዙን ልጅ የሚደርስበት ቦታ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ በትህትና ጠየቀች። ኔሪስ «እኔ ነኝ» አለች። ይህን ስትል ኤልኪን ከጎኗ ነበር፤ መዳፉን ጀርባዋ ላይ አሳርፎ የጫማውን አፍንጫ ያያል። ሴትዮዋ የቤቱን ሁኔታ አጣርታ፣ እናትየው ከልጇ ጎን እንደማትለይ አይታ ጉዳዩን በምክር ዘጋችው። ኔሪስ ግን ያቺ «እኔ ነኝ» ከአፏ ከወጣች በኋላ ወደ ኋላ የምትመለስበት መንገድ አልነበራትም።

በሳምንቱ ኒኛ ኤውፌሚያ መጣች። ክፍሉ ውስጥ አልጋ ላልጋ ተደጋግፈው የተኙ ልጆችና ወንበር ላይ የሚያድሩ እናቶች ነበሩ። አሮጊቷ የልጅ ልጇን አፍንጫዋም ሆዷም ላይ ቱቦ ተተክሎ ስታያት አላለቀሰችም። ዞራ ኔሪስን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከተቻት።

«ድመት እንኳ ልጇን በአፏ አንጠልጥላ ከአደጋ ታወጣለች። አንቺ መርዙን እግሯ ሥር አኖርሽላት። እኔ ስድስት አሳድጌያለሁ፤ የአንዳቸውም ጣት አልተላጠብኝም።»

እናቶቹ ሁሉ ሰሙ። አንዳንዶቹ አንገታቸውን አቀረቀሩ። ኤልኪን እናቱን ክንዷን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወሰዳት፤ ኔሪስም በልቧ፣ ለእኔ ብሎ ነው ስትል አመሰገነችው።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ሊሴት ትኩሳት ተነሳባትና ሐኪሞቹ ከበቧት። እናትና አባቷን ወደ ደረጃው አስወጧቸው። ኔሪስ እዚያው ደረጃ ላይ ተንበርክካ የባሏን እግር ያዘች። ልጃችንን አበላሸሁብህ፣ ብትሞትም ብትድንም የእኔ እጅ ነው፣ ይቅር በለኝ አለችው። ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ እሷ ማንንም አላየችም። ኤልኪን መጀመሪያ እንደ መሸሽ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ብብቷን ይዞ አነሳት።

«ተነሺ። ሰው ነሽ፣ ሰው ይሳሳታል» አላት። «ይቅር ብዬሻለሁ።»

ኔሪስ እጁን ሳመችው። ትኩሳቱም በማግስቱ ረገበ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሏን ከበፊቱ በላይ ወደደችው፤ ሌላ ወንድ ቢሆን በሄደ፣ ሌላ ወንድ ቢሆን በመታኝ ትል ነበር። ለዳማሪስም የነገረቻት ይህንኑ ነው።

ዳማሪስ በየሳምንቱ በአውቶቡስ ትመጣለች። ንጹሕ ልብስ፣ ለኔሪስ የካሳቫ ዳቦ፣ ለሊሴት ጨርቅ አሻንጉሊት ታመጣለች። የልጅቱን ፀጉር በቀስታ አበጥራ ትጎነጉናለች። ኔሪስ አጠገቧ ተቀምጣ ሆዷን ትከፍትላታለች፦ እናት መሆን እንደማይገባት፣ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ጠርሙሱ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደሚታያት፣ ያን መሬት ላይ ያስቀመጠችውን እጇን ልትቆርጠው እንደሚያምራት። ዳማሪስ «ኧረ እንዲህ አትበይ አበልጄ» ትላትና ተነስታ መስኮቱ ጋ ትቆማለች። አንድ ጊዜ «አበልጄ፣ አንድ ነገር…» ብላ ጀመረች፤ ወዲያው ኤልኪን ዳቦና ጭማቂ ይዞ ገባ። ዳማሪስ ማበጠሪያውን አነሳችና የጨረሰችውን ጉንጉን ፈትታ እንደገና ጎነጎነች።

ኔሪስ ለአንድ ቀን ልብስ ልታመጣ ወደ ቤት የተመለሰች ጊዜ በቀጥታ ወደ ማጠቢያው ሄደች። መደርደሪያው ላይ ምንም አልነበረም። ባዶ እንጨት። ቆማ ረጅም ጊዜ አየችው። በልቧ የቀረችው ትንሽ ጥርጣሬ እዚያ አለቀች።

ከሁለት ወር በላይ ቆይተው ሊሴት ቱቦው ሆዷ ላይ እንዳለ ከሆስፒታል ወጣች። ድምፅ አልነበራትም። ጉሮሮዋ ይሁን ፍርሃቷ፣ ሐኪሞቹም ለይተው አላወቁም፤ የምትፈልገውን በጣቷ ታሳያለች። በየጥቂት ሳምንቱ ባራንኪያ እየሄዱ ቧንቧዋን ያሰፉላታል። ከማስፋቱ በኋላ ያሉት ቀናት ክፉ ናቸው፤ ምራቋን መዋጥ እያመማት እናቷ ደረት ላይ ተለጥፋ ትውላለች።

ሰፈሩም ተለውጦ ጠበቃት። ገበያ ላይ «ባለ ሶዳዋ» የሚል ስም ወጥቶላታል። ቀድሞ ዓሣ ሲገዙ ልጆቻቸውን አደራ የሚሏት ሴቶች አሁን የልጆቻቸውን እጅ አጥብቀው ይዘው ያልፋሉ። ኔሪስ መሸጡን ተወችው። ቤቱንም ኒኛ ኤውፌሚያ ያዘችው፦ ምን እንደሚበሰል፣ ልጅቱ መቼ እንደምትታጠብ፣ በሩ መቼ እንደሚቆለፍ። ኔሪስ አማቷንም ይቅርታ ለምናለች። አሮጊቷ «እግዜር ይበልሽ» ከማለት በቀር ሌላ አልመለሰችላትም። ይሁን እንጂ አንድም ቀን ከልጅቱ አልራቀችም። ሐኪሟ በአፏ ቀጭን ነገር ይጀመርላት ባለች ጊዜ፣ በየማለዳው በቆሎ ፈትጋ፣ ማሳሞራ የሚሉትን አጥሚት በወተት አፍልታ፣ ሦስት ጊዜ በነጠላ ጨርቅ አጥልላ በማንኪያ የምታጎርሳት እሷ ነበረች። ሊሴት የመጀመሪያዋን ማንኪያ ሳታንቅ የዋጠች ዕለት አሮጊቷ ጓሮ ሄዳ ብቻዋን አለቀሰች።

ልጅቱ ቀስ በቀስ ማንሾካሾክ ጀመረች። መጀመሪያ «እማ»፣ ከዚያ የዶሮዎቹን ስም፣ ከዚያ እንቢታን።

የዝናቡ ወራት ገብቶ ነበር። ከምሳ በኋላ ነው፤ ኒኛ ኤውፌሚያ እንደ ልማዷ በበቆሎ ቆረቆንዳ የወተፈችውን አንድ ጠርሙስ ወተት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ዝናቡ ሳይዛት ወደ ቤቷ ሄደች። ኤልኪን ሥራ ላይ ነው። ኔሪስ ጠርሙሱን አንስታ ወደ ሊሴት መጣች። ልጅቱ ከተኛችበት የመረብ አልጋ ተንከባላ ወርዳ ከበሩ ኋላ ተሸጎጠች።

«ወተት እኮ ነው፣ የኔ እመቤት።»

«አይደለም። እሱ ያቃጥላል» አለች ሊሴት በዚያች ቀጭን ሹክሹክታ። «የአያቴ ውሃ ነው። የበቆሎው።»

ኔሪስ ጠርሙሱን መልሳ አስቀመጠችና መሬት ላይ ከልጇ ፊት ቁጢጥ አለች። እንዳታስደነግጣት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የትኛው ውሃ እንደሆነ ጠየቀቻት። ሊሴት ነገረቻት። አያቷ በቆሎ ልትልጥ መጥታ ነበር። ጠርሙሱ በርጩማው ላይ፣ ከበቆሎው ጎን ነበር። አያቷ እንጨት ልታመጣ ሄደች። እሷ ውሃ ጠማት።

«ማን ከፈተልሽ?»

«እኔ። ቆረቆንዳውን ሳብኩት።»

«እማ ያመጣችውስ? ክዳን ያለው፣ ለቱቦው ያመጣሁት?»

ልጅቱ በጣቷ ወደ ጓሮ፣ ወደ ላይ አመለከተች። «እሱማ መደርደሪያው ላይ ነው። አይደረስበትም።»

«አባስ የት ነበር?»

«ዶሚኖ ሊጫወት።»

ኔሪስ ልጇን አቅፋ ተቀመጠች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሊሴት እንቅልፍ ሲወስዳት አስተኝታት፣ አጥሩን ዞራ ወደ ዳማሪስ ግቢ ገባች። ዳማሪስ ከዳሱ ሥር ጓንት አጥልቃ የሳሙናውን በርሜል ታማስላለች።

«ያን ቀን ጠርሙሱ የማን ነበር?»

ዳማሪስ የትኛውን ቀን እንደሆነ አልጠየቀችም። ማማሰያውን ለቀቀችው።

«የኒኛ ኤውፌሚያ» አለች። «በቆሎው ሲቀቀል ልጣጩ እንዲለቅላት ብላ ከእኔው የወሰደችው ሶዳ። ጩኸቱን ሰምቼ ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። ቆረቆንዳው በሊሴት እጅ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳትጠየቅ አወጣችው። ኤልኪን ከመንገዱ ማዶ ካለው ዶሚኖ ሮጦ እንደደረሰ፣ ጠርሙሱን በአጥሩ ላይ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ገደል እንደወረወረው፣ እናቱ እንጨት ይዛ ስትመለስ «የእርስዎን እኔ ቀድሜ አንስቼዋለሁ፤ የጠጣችው ኔሪስ መሬት ላይ የተወችውን ነው» እንዳላት። አሮጊቷ እስከ ዛሬ የምታውቀው ይህንኑ ነው። ልጅቱን ሊወስዱ ሲነሱ ኤልኪን ዳማሪስን ጓዳ አስገብቶ እግሯ ላይ ወደቀ።

«እናቴ ልቧ ደካማ ነው፣ በዚህ ትሞትብኛለች አለኝ። ኔሪስ ጠንካራ ናት፣ ትችለዋለች አለ።»

«ትችለዋለች አለ?»

«ልጅቱ እስክትተርፍ ድረስ ነው ብዬ ነበር አበልጄ። ጥቂት ቀን። ከዚያ ስትነግሪኝ፣ ስትነግሪኝ… ከየት እንደምጀምረው ጠፋኝ።»

«አፌን ከፍቼ እጄን ልቁረጠው ስልሽ ፀጉር ትጎነጉኚ ነበር» አለች ኔሪስ። «ሁለተኛ አበልጄ አትበዪኝ።»

ዳማሪስ ጓንቷን እንዳጠለቀች እጇን ዘረጋች፤ ኔሪስ ግን ዞራ ወጣች።

ኤልኪንን ያገኘችው ወንዙ ዳር ነው። ዝናቡ አባርቶ ነበር። የአንድ ጀልባ ሞተር ፈትቶ ጨርቅ ላይ ዘርግቷል። ፊቷን ሲያይ ፈገግታው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ሊሴት የነገረቻትን፣ ዳማሪስ ያረጋገጠችውን ቃል በቃል ነገረችው። አልካደም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዓይኑን ወንዙ ላይ አደረገ።

«የእኔ ጠርሙስስ? መደርደሪያው ላይ የነበረው?»

«ወንዝ ውስጥ ጣልኩት። አንቺ ሆስፒታል ሳለሽ።»

ኔሪስ ባዶው እንጨት ፊት የቆመችበት ቀን ታያት። ሳይገስጻት፣ ሳይናገራት፣ በርጩማ ላይ ወጥቶ የገዛ ትዝታዋን ከላይ አውርዶ ወንዝ ከቶታል።

«እናቴ ናት ኔሪስ። ምን ላድርግ? ብነግራት ትሞታለች።»

«እኔስ ምንህ ነኝ?»

«አንቺማ…» አለ። ከዚያ ያችን የለመደባትን ለስላሳ ድምፁን አመጣ። «ደግሞ ክፉ ተናግሬሽ አውቃለሁ? ይቅር ብዬሽ አልነበር? ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አንስቼብሻለሁ?»

ከፊቷ የቆመው ሰው የሚናገረው ከልቡ ነበር። ይህ ነው ኔሪስን የቆረጣት። ራሱ የፈጠረውን ጥፋት ይቅር ማለቱን እንደ ውለታ ቆጥሮታል፤ ምናልባትም በየቀኑ ደግ ባል ነኝ እያለ ተኝቶበታል። እሷ በበኩሏ ያን እጅ ስማዋለች። ብትጮህ፣ ብትሳደብ ሰው ይሰበሰባል፤ እሱም አንድ ነገር ብሎ ነገሩን ያበርደዋል። ምንም ሳትናገረው ትታው ወደ እናቱ ቤት አቀናች።

መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስታሰናዳ ነበር የሄደችው። በዚያ በሆስፒታሉ ክፍል በሰው ፊት የተወረወረባትን ቃል አንድ በአንድ ልትመልስ ነበር። በሩን ገፍታ ስትገባ ኒኛ ኤውፌሚያ ወንፊትና ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የሊሴትን የማታ ማሳሞራ ታጠላለች። ዓይኗ ስለደከመ ጨርቁን ወደ ብርሃኑ አንስታ ጓል መቅረት አለመቅረቱን ታያለች። ኔሪስ ያሰናዳችውን ቃል ተወችው። ልትመለስ ዞረች።

«ቆዪ» አለች አሮጊቷ። «ያ ፊት የጤና አይደለም። ልጄ ምን አድርጎ ነው?»

«ምንም።»

«ኔሪስ፣ እኔ አሮጊት ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም። ተቀመጪ።»

ኔሪስ ተቀመጠች። ነገረቻት፤ በቀስታ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ። አሮጊቷ እጇ ጨርቁ ላይ እንዳለ አዳመጠች።

«ቆረቆንዳ ነው ያለችው? አንቺ ሳትጠይቂያት?»

«እሷው ናት ያለችው።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ» አለች ኒኛ ኤውፌሚያ።

ኔሪስ ደረቷን ትይዛለች ብላ ተነሳች፣ ውሃ ልታመጣላት አሰበች። አሮጊቷ ግን አልወደቀችም። «ገር ልጅ ያሳደግኩ መስሎኝ ነበር። ለካስ ያሳደግኩት ፈሪ ነው» አለች። ከዚያ ጨርቁን እንደገና አንስታ የቀረውን ማሳሞራ አጠለለችው። ልጅቱ መብላት ነበረባት።

በማግስቱ ሻሿን አስራ ገበያ ወጣች። ሰው በሚበዛበት ሰዓት የኔሪስ ጠረጴዛ ይቆምበት በነበረው ቦታ ቆማ፣ በዚያው ሁሉም በሚፈራው ድምፅዋ ተናገረች። ጠርሙሱ የእሷ እንደነበረ፣ በርጩማ ላይ ትታው የሄደችው እሷ እንደሆነች፣ ምራቷ በሌለችበት የተሰቀለባት ስም ሐሰት እንደሆነ። «ባለ ሶዳዋ እኔ ነኝ። ከዛሬ ወዲያ ስሙን ለባለቤቱ ስጡት» አለች። አንዲት አትክልት ሻጭ ሴት ልታጽናናት ስትነሳ፣ «እኔን አይደለም፣ እሷን ሂጂና ይቅርታ ለምኚ» ብላ መለሰቻት። ሁለት ሦስት ሴቶች በእርግጥም ወደ ኔሪስ በር መጡ። ኔሪስ ሻንጣ እያሰናዳች ነበር።

ኤልኪን ያን ሳምንት ሁሉ ለመነ። መጀመሪያ በቀልድ፣ ከዚያ በእንባ፣ ከዚያ በቄሱ። ለቄሱ ኔሪስ፣ ዶሚኖውን ይቅር ልትለው እንደምትችል፣ እናቱን መፍራቱንም፣ ያን ቀን የዋሸውንም እንኳ፤ ነገር ግን ደረጃው ላይ ተንበርክካ ሳለች ጎንበስ ብሎ ያነሳትን ሰው እንደገና አጠገቧ ማስተኛት እንደማይሆንላት ነገረቻቸው።

ባራንኪያ ውስጥ፣ ከሆስፒታሉ ብዙ የማይርቅ አንድ ዳቦ ቤት ጀርባ ክፍል ተከራየች። ዓሣ ትሸጣለች፤ ሊሴትን ለቧንቧው ማስፋት የምትወስዳት አሁን በእግሯ ነው። መጀመሪያ ላይ በየሦስት ሳምንቱ ነበር፣ ከዚያ በየወሩ፣ እያደር እየራቀ ሄደ። የሆዷ ቱቦ የወጣ ዕለት ሊሴት ትንሿን ጠባሳ ለዳቦ ጋጋሪው፣ ለደንበኞቹ፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ልብሷን እየገለበች አሳየች። ድምፅዋ ሻካራ ሆኖ ቀረ፤ ከሩቅ ሲሰሙት የትልቅ ሰው ድምፅ ይመስላል።

ኤልኪን በየጊዜው ይመጣል። በር ላይ ካለው ወንበር ተቀምጦ ከልጁ ጋር ይጫወታል፣ ያስቃታል፤ ኔሪስ ውሃ ትሰጠዋለች፣ ስለ ልጅቱ የጠየቃትን ትመልስለታለች። ከዚያ በላይ የለም። ዳማሪስ አንድ ጊዜ መጥታ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ነበር። ኔሪስ በመስኮቱ አይታታለች። ልትወጣ ተነስታ በሩን ያዘች፤ አጠገቧ ተቀምጣ ያለቀሰችው ለቅሶ ሁሉ ትዝ አላትና እጇ ከመቀርቀሪያው ላይ ወረደ። ዳማሪስ ለሊሴት ያመጣችውን ልብስ ለዳቦ ቤቱ ሰጥታ ሄደች። ልብሱን ለልጅቱ አልከለከለቻትም።

ኒኛ ኤውፌሚያ ግን ስትመጣ የምታድረው ኔሪስ አልጋ ላይ ነው። ሁለቱ አይተቃቀፉም፣ ጣፋጭ ነገርም አይነጋገሩም። አሮጊቷ አሁንም ዓሣው ጨው በዛበት፣ ልጅቱ ቀጭን ልብስ ለብሳለች ትላለች፤ ኔሪስም አሁን አፏን ይዛ አትቀመጥም፣ ትመልስላታለች። ጎረቤቶቻቸው ሲጨቃጨቁ እየሰሙ የገዛ እናቷ ትሆናለች ይላሉ።

ሊሴት ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት፣ በእረፍቱ፣ አያቷ ወደ ፑዌርቶ ሴሬኖ ልትወስዳት ጠየቀች። አባቷ ወንዙን በጀልባ ሊያንሸራሽራት ይፈልጋል፤ ክርስትና እናቷም በየቀኑ ትጠይቃለች አለች። ኔሪስ ሌሊቱን ስታስብበት አድራ እሺ አለች። ምን በቀስታ እንደሚሰጣት፣ ቢያንቃት ምን እንደሚደረግ እስከ አውቶቡሱ በር ድረስ ስታስረዳ ሄደች። አሮጊቷ ሁሉንም በጣቶቿ እየቆጠረች ደገመችላት።

«አንቺስ ምናለ ብትመጪ?» አለቻት በመጨረሻ። «ቤቱ እንዳለ ነው። ለሁለት ቀን እንኳ።»

«ልጅቷን ይዘው ይሂዱ ኒኛ ኤውፌሚያ» አለች ኔሪስ።

ሊሴት በመስኮቱ እጇን አወጣች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በዚያ ሻካራ ድምፅዋ አንድ ነገር ጮኸች፤ ኔሪስ በሞተሩ ጩኸት ምክንያት አልሰማችውም። እስኪርቅ ድረስ እጇን አንስታ ቆየችና ወደ ገበያዋ ተመለሰች።